የጋርዴኒያ ሽታ፦ ጆኤል ካይሮ እንዴት ተሠራ?

ጸሐፊዋ ኤፊ በሩን ከፍታ ትገባለች። እጇ ላይ አንድ የስም ካርድ አለ። አለቃዋ ሳም ስፔድ ካርዱን ተቀብሎ ወደ አፍንጫው ያስጠጋዋል። «ጋርዴኒያ» ትለዋለች፣ የአበባውን ስም። ስፔድ ፊቱ ፈካ ይልና ቶሎ አስገቢው ይላታል።

ይኸው ነው፣ ጥቂት ሰከንድ። ሰውየው ገና አልገባም። ፊቱን አላየንም፣ ድምፁን አልሰማንም፣ ለምን እንደመጣም አናውቅም። ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ግን ቀድሞ ተነግሮናል። ከዚያ ይገባል። አጠር ያለ፣ ጸጉሩ ተጠቅልሎ በቅባት የሚያበራ፣ ፓፒዮን ያሰረ፣ ጓንት ያጠለቀ፣ ከዘራ የያዘ ሰው ነው። ቁጭ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ ሲያወራ የከዘራውን እጀታ ከንፈሩ አካባቢ ያመላልሰዋል።

ፊልሙ «ዘ ማልቲዝ ፋልኮን» ነው፣ የማልታው ጭልፊት እንበለው። የወጣው በ1941 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዋርነር ብራዘርስ ነው ያሠራው። ለዳይሬክተሩ ለጆን ሂዩስተን የመጀመሪያ ሥራው ነበር። መርማሪውን ስፔድን ሃምፍሪ ቦጋርት ይጫወተዋል፤ ባለ ሽቶውን ጆኤል ካይሮን ደግሞ ፒተር ሎሬ። ታሪኩ በአጭሩ፣ ጥቂት ሌቦችና ቀጣፊዎች በወርቅና በዕንቁ ተለብጧል የሚባል አንድ ጥቁር የወፍ ሐውልት ፍለጋ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ይተራመሳሉ። ካይሮ ከእነሱ አንዱ ነው።

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ከጓደኞቼ ጋር ነው። ካይሮ ገና ከበሩ ሲገባ አንዱ «ይሄማ ሴታሴት ነው» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ስተኛ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ይህ ፊልም የተሠራው እኔ ከመወለዴ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት፣ በማላውቀው አገር፣ ለማላውቃቸው ሰዎች ነው። ፊልሙ ውስጥ ስለዚህ ሰው «እንዲህ ነው» ብሎ በግልጽ የተናገረ አንድም ሰው የለም። ታዲያ እኛ በሁለት ሰከንድ ውስጥ እንዴት ገባን? ማነው ያስተማረን? ለምንስ ነው ሳቅ የቀደመን? ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ያንን ለማወቅ ብዬ ካነበብኩትና ደጋግሜ ካየሁት ተነስቼ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቃላቱ ትንሽ ልበል። በአማርኛ ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ቃል ፍርዱን በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው። ገና ሰውየውን ሳናውቀው የአንድ የተቃጠለ ከተማ ታሪክ ይጎትትበታል። ስለዚህ እዚህ ጌይ እላለሁ፣ ሰዎቹ ራሳቸውን የሚጠሩበት ቃል ስለሆነ። «ሴታሴት» ግን ሌላ ነገር ነው። ሴታሴት የምንለው ሰው አረማመዱ፣ አነጋገሩ፣ እጁን የሚያወናጭፍበት መንገድ ነው የተባለለት። ማንን እንደሚወድ ቃሉ አይናገርም። እነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ አይደሉም። ሴታሴት የተባለና ሚስቱን የሚወድ ሞልቷል፤ ጌይ ሆኖ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ የሆነም እንዲሁ። የድሮው ሆሊውድ ትልቁ ሥራ ሁለቱን አጣብቆ አንድ ማድረጉ ነው፣ እስከዛሬም እስኪያስቸግረን ድረስ።

ፊልሙ ከመጽሐፍ ነው የመጣው። ደራሲው ዳሺል ሃሜት በ1930 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ሃሜት ራሱ ጸሐፊ ከመሆኑ በፊት ፒንከርተን በሚባለው የምርመራ ድርጅት ውስጥ ሠርቷል። መጽሐፉ ላይ ነገሩ አይደበቅም። ኤፊ እንግዳውን ስታስታውቅ ያኔ ጌይ ወንዶች ይሰደቡበት በነበረው ቃል ነው የምትጠራው፣ በቀጥታ። ሽቶውም ሌላ ነው፣ ሺፕር የሚባል። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሃሜትም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ካይሮን ሲያስገባው በትንንሽ፣ እንደ መሽኮርመም ባሉ እርምጃዎች ነው፤ ሽታው አብሮት ይገባል። ያ የተለመደ ምስል ከስቱዲዮው በፊት ወረቀት ላይ ነበር። ልዩነቱ፣ መጽሐፉ ሰውየው ምን እንደሆነ ይናገርና ወደ ታሪኩ ይሄዳል። ፊልሙ መናገር አይችልም፣ ስለዚህ ያለው መንገድ ማሳየት ብቻ ነው፤ ሲያሳይ ደግሞ ሁሉንም ነገር ወደ ሽቶና ወደ ከዘራ ያወርደዋል።

ለምን አይችልም? ሕግ ስለነበረ። የመንግሥት ሕግ ሳይሆን ስቱዲዮዎቹ ራሳቸው ላይ የጣሉት። ነገሩ የሚጀምረው ከ1915 ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያ ዓመት ፊልም ንግድ እንጂ እንደ ጋዜጣ የመናገር ነፃነት የሚጠበቅለት ነገር አይደለም ብሎ ፈረደ። ከዚያ በኋላ ክፍለ ግዛቱም ከተማውም የራሱን የሳንሱር ቦርድ አቁሞ እየቆረጠ መጣል ቻለ። ስቱዲዮዎቹ ሌላ ሰው ከሚቆርጠን ራሳችን እንቁረጥ አሉ። በ1930 አንድ የኢየሱሳውያን ቄስና አንድ የካቶሊክ አሳታሚ ያረቀቁትን ደንብ ተቀበሉ። መጀመሪያ ላይ ብዙም የሚያከብረው አልነበረም። በ1934 ግን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ሲኒማ ቤት እንዳይገቡ ዘመቻ ስትጀምር ነገሩ ተለወጠ። ጆዜፍ ብሪን የሚባል፣ ድሮ ጋዜጠኛ የነበረ ካቶሊክ፣ የማስፈጸሚያው ቢሮ ኃላፊ ሆነ። የእሱ ማኅተም የሌለበትን ፊልም ያወጣ ስቱዲዮ 25,000 ዶላር ይቀጣል፤ በትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶችም አያሳይም።

ደንቡ ላይ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች። የተጣመመ ወሲብ፣ ወይም ወደዚያ የሚጠቁም ማንኛውም ነገር፣ ክልክል ነው ትላለች። በቃ። ግድያ በልክ ይፈቀዳል፣ ስርቆት በልክ ይፈቀዳል፣ ወንጀለኛው መጨረሻ ላይ እስከተቀጣ ድረስ። ይህ ግን በምንም ልክ አይፈቀድም።

ዋርነር ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት በ1931 አንዴ ሠርቶት ነበር፣ ደንቡ ገና ጥርስ ሳያወጣ። በኋላ ያንኑ ፊልም እንደገና ላሳይ ብሎ ሲጠይቅ የብሪን ቢሮ ከለከለው። በ1936 ታሪኩን ወደ ቀልድ ለውጦ ሞከረ፣ አልሰመረም። በ1941 ሂዩስተን መጽሐፉን ተከትሎ እሠራለሁ ብሎ ስክሪፕቱን ሲያቀርብ የብሪን ደብዳቤ መጣ። ስለ መጠጥ፣ ስለ ስድብ፣ ስለ ስፔድና ስለ ብሪጂድ (ታሪኩ ውስጥ ያለችው ቀጣፊ ሴት) አዳር ብዙ ይላል። ካይሮ ላይ ሲደርስ ግን ቁርጥ ያለ ነው። ካይሮ ሴታሴት ሆኖ መቅረቡን አናጸድቅም ይላል። ምልክቶቹንም ይዘረዝራል፤ የላቬንደሩ ሽቶ፣ ቀጭኑ ድምፅ፣ ሌላውም አብሮ የሚመጣው ጌጣጌጥ።

እዚህ ጋ ደጋግሜ አነበብኩት። ብሪን የከለከለው ምንድነው? ሽቶ ነው። ድምፅ ነው። ከልካዩ ራሱ፣ ሳያስበው፣ ጌይ ማለት ይህ ነው ብሎ ዝርዝር ጽፎ ፈርሞበታል። ዝርዝሩን ያወጣው ሳንሱሩ ብቻውን አይደለም፣ ስክሪፕቱ ላይ ስለነበረ ነው ያየው። ግን ጸሐፊውም ከልካዩም በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ይህ ሰው ማለት እነዚህ ምልክቶች ናቸው። የተጣሉት ይታዩ ወይስ አይታዩ በሚለው ነው።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። ላቬንደሩ የለም፣ ጋርዴኒያ አለ። ድምፁ ቀጭን አይደለም፣ ለስላሳ ነው። መሐረቡ ሽቶ አለው፤ ስፔድ ኪሱን ሲፈትሽ ያወጣና ያሸተዋል። የከዘራው እጀታ ከንፈሩ ጋ ነው። ብሪን የአበባን ስም የሚከለክልበት አንቀጽ አልነበረውም፤ ሎሬ ከዘራውን የት መያዝ እንዳለበት የሚደነግግም የለውም። ማኅተሙ ተሰጠ። ፊልም ወዳጆች ይህን እንደ ድል ሲያወሩት እሰማለሁ፣ ሂዩስተን ሳንሱሩን ሸወደው እያሉ። እኔ ድል አይታየኝም። በሩ ሲዘጋ ሽታው ብቻ ነው የገባው፤ ሰውየው ውጭ ቀረ።

ምን እንደቀረ ለማየት መጽሐፉን መክፈት ነው። መጽሐፉ መጨረሻ አካባቢ፣ ሌቦቹ አብሯቸው ያለውን ባለ ሽጉጥ ወጣት፣ ዊልመርን፣ ለፖሊስ አሳልፈው ለመስጠት ሲስማሙ፣ ካይሮ ሶፋው ላይ አጠገቡ ቁጭ ብሎ በሹክሹክታ ያጽናናዋል። ልጁ አፉን ይመታዋል። ያምማል፣ ያሳዝናልም፤ ካይሮ መጽሐፉ ውስጥ የሚራራው እዚያች ቦታ ላይ ነው። ፊልሙ ውስጥ ያ መጽናናት የለም። ሽቶው ቀርቷል፣ ርኅራኄው ተቆርጧል። ሽቶ ያስቃል፤ ርኅራኄ ግን «ወደዚያ የሚጠቁም» ነው።

እስቲ ወደ ቢሮው ትዕይንት ልመለስ፣ ምክንያቱም ብዙው ነገር ያለው እዚያ ነው። ካይሮ በጨዋነት ነው የሚያወራው። የስፔድ ሸሪክ ተገድሏልና መጀመሪያ ኀዘኑን ይገልጻል። ለሐውልቱ 5,000 ዶላር እከፍላለሁ ይላል። ከዚያ ትንሽ ሽጉጥ ያወጣና ቢሮውን እንደሚፈትሽ በትሕትና ይነግረዋል። ስፔድ በቀላሉ ሽጉጡን ነጥቆ ራሱን እስኪስት ይመታዋል፤ ሲመታው ፊቱ ላይ ደስታ ይነበባል። ካይሮ ሲነቃ የመጀመሪያ ቃሉ ስለ ሸሚዙ ነው፣ ምን እንዳደረግከው ተመልከት የሚል። ተመልካች እንዲስቅ ተደርጎ የተጻፈ ነው። አንድ ወንድ ተመትቶ ከወደቀበት ሲነሳ የሚቆጨው ሸሚዙ ከሆነ፣ ይህ ወንድ አይደለም ማለት ነው፤ እንዲያ ነው የሚነግረን።

ራሱን ስቶ ሳለ ስፔድ ኪሱን ይፈትሻል። ፓስፖርት አንድ አይደለም፣ የተለያየ አገር ነው። የቲያትር ትኬት አለ። ያ መሐረብ አለ። እቃውን ቁጠሩት። አገሩ የማይታወቅ፣ ቲያትር የሚወድ፣ የሚሸት ሰው። ስሙ ራሱ ካይሮ ነው። ለእኛ ካይሮ የዓባይ ውኃ የሚደርስበት፣ ስንት ዘመን ጳጳስ ሲመጣልን የኖረበት አገር ከተማ ነው፤ ለ1941 የአሜሪካ ተመልካች ግን ሩቅና የሚያጠራጥር ቦታ። ሃሜትም የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ሰው አድርጎ ነው የሳለው። ስለዚህ ሁለት ጥርጣሬ አንድ ገላ ላይ ተጫነ፣ ባዕድነትና ጌይነት። የሚጫወተው ሎሬ ደግሞ በኦስትሮ ሀንጋሪ የተወለደ፣ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በ1933 ከጀርመን የሸሸ አይሁዳዊ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ያለው የባዕድ ቅላጼ የስደት ቅላጼ ነው። ሆሊውድ ያንን ድምፅ ለሌባና ለነፍሰ ገዳይ ሲጠቀምበት ኖረ። እኛ ስደት ያየን ሰዎች ይህን ለመረዳት ማንም ሊያብራራልን አያስፈልግም።

ከዚያ ጥፊው። በስፔድ ቤት ካይሮና ብሪጂድ ይጣላሉ። ኢስታንቡል ስለነበረ አንድ ልጅ እርስ በርሳቸው ይወጋጋሉ፤ ብዙው ሰው ሳይሰማው ያልፋል፣ ጆሮ ላለው ግን ግልጽ ነው። እሷ ትመታዋለች። እሱም እጁን ያነሳባታል። ስፔድ መሃል ገብቶ ካይሮን ይይዘዋል። ካይሮ «እጅህን ስታነሳብኝ ይህ ሁለተኛህ ነው» ይለዋል። ስፔድ ደጋግሞ በጥፊ ያጮለዋል፤ ስትመታ ትቀበላለህ፣ ትወደዋለህም ይለዋል። ከፊልሙ በጣም ከሚጠቀሱት ንግግሮች አንዱ ይኸው ነው። ሰው እንደ ጀግና ቃል ይደግመዋል። ልብ በሉ፣ ስፔድ ፊልሙ ውስጥ ሌላ ወንድ በጥፊ አይመታም። ለፖሊሶቹ ቡጢ ይቃጣል። ጥፊው ለካይሮ ነው።

ስለ ወጣቱ ዊልመርም አንድ ነገር አለ፣ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ስፔድ ይህን ልጅ «ጋንስል» እያለ ይጠራዋል። ሃሜት ቃሉን መጀመሪያ ታሪኩ በመጽሔት ሲወጣ ነው ያስገባው። የመጽሔቱ አዘጋጅ ባለጌ ቃል እያደነ የሚቆርጥ ሰው ስለነበር ሃሜት ሆን ብሎ አታለለው ይባላል። አዘጋጁ ጋንስልን ሲያይ፣ «ጋን» በእንግሊዝኛ ሽጉጥ ነውና፣ ሽጉጥ ያዥ ማለት መስሎት አለፈው። የብሪን ቢሮም እንዲሁ አለፈው። ቃሉ ግን ከይዲሽ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ፣ የመጣ ነው፤ የዝይ ጫጩት ማለት ነው። ከቦታ ቦታ በሚዞሩ ቤት አልባዎችና በእስረኞች ዘንድ ትልቅ ሰው አብሮት ይዞት የሚዞር ወጣት ልጅ ይባልበት ነበር። ከፊልሙ በኋላ ሰው ሁሉ ሽጉጥ ያዥ ማለት አድርጎ ወሰደው፣ መዝገበ ቃላትም ገባ። ደንቡ መናገር ስለከለከለ አንድ ቃል ትርጉሙን ቀየረ። የተደበቀ ነገር በቃ ተደብቆ አይቀርም፤ ተጣሞ ይወጣል።

አሁን ወደ እኛ ሳቅ ልመለስ። ምልክቶቹ ሁሉ እኛ ጋ አይሠሩም፤ ይህን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ወንድ ሽቶ መቀባቱ ለእኛ ምንም አይደለም። ሰርግ የሚሄድ ወንድ ሽቶ ካልተቀባ ነው የሚያስገርመው። ከዓረብ አገር የሚመጣ ወንድም ሽቶ ሳይዝ አይመጣም። ሁለት ወንድ ጓደኛሞች ፒያሳ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ ዞሮ የሚያይ አልነበረም፤ አሜሪካ ፊልም ውስጥ ግን ያቺ እጅ ትልቅ ምልክት ናት። ታዲያ ጋርዴኒያው ካልሠራብን ምን ሠራብን? ለስላሳው ድምፅ፣ ከዘራውና የስፔድ ፊት። ስፔድ እንዴት እንደሚያየው ነው ያየነው። ጀግናው በንቀት ሲፈግግ እኛም አብረን ፈገግን። ይህን ሳውቅ በጣም ነው ያፈርኩት።

ካይሮ ከሰማይ ዱብ አላለም። በ1930ዎቹ ፊልሞች ውስጥ አንድ የታወቀ ሰው ነበር፤ የሆቴል ተቀባይ፣ ልብስ ሰፊ፣ የጌታ አሽከር፣ እጁን የሚያንቀጠቅጥ፣ በትንሽ ነገር የሚደነግጥ። ፍራንክሊን ፓንግቦርንና ኤድዋርድ ኤቨረት ሆርተን በዚህ ሚና ብዙ ፊልም ላይ ታይተዋል። ያ ሰው ሚስት የለው፣ ፍቅር የለው፣ ቤት የለው። ገብቶ አስቆ ይወጣል። ካይሮ ላይ ይኸው ሰው ሽጉጥ ተሰጠው። ከአስቂኝነት ወደ ወንጀል ተሸጋገረ፣ ሳቁ ግን አልቀረለትም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይብሳል። በ1945 በወጣ አንድ ልብ ወለድ ውስጥ ወታደሮች አንድን ሰው ጌይ ስለሆነ ይገድሉታል። በ1947 «ክሮስፋየር» ተብሎ ፊልም ሲሆን ሟቹ አይሁዳዊ ሆነ። ለአይሁድ ጥላቻ የተሰጠ ጠንካራ ፊልም ነው፣ ለኦስካርም ታጭቷል፣ እሰየው። ግን አስቡት፤ ጌይ ሰው የተገደለ እንኳ ሆኖ መታየት አልቻለም። የሚታየው ሲያስቅ ወይም ሲሰርቅ ብቻ ነው። በ1955ቱ «ሬበል ዊዝአውት ኤ ኮዝ» ላይ ቢሮው በሁለቱ ወጣት ወንዶች፣ በፕላቶና በጂም፣ መካከል አንዳች እንዳይጠቆም አስጠነቀቀ። ፕላቶ የሚወደው ሰው ፍለጋ ሲባዝን ቆይቶ መጨረሻ ላይ በፖሊስ ጥይት ይሞታል።

በጥቅምት 1961 ደንቡ ተሻሻለ። በጥንቃቄና በቁጥብነት ከሆነ ማንሳት ይቻላል ተባለ። ምን መጣ? ሞት መጣ። በ1962 ኦቶ ፕሪሚንገር በሠራው ፊልም አንድ ወጣት ሴናተር በወጣትነቱ ከወንድ ጋር የነበረውን ግንኙነት ይዘው ሲያስፈራሩት ቢሮው ውስጥ ራሱን ያጠፋል። ይህ ፈጠራ ብቻ አልነበረም። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1953 በፈረሙት ትእዛዝ «የተጣመመ ወሲብ» የሚለው ያው ሐረግ ሰውን ከፌዴራል ሥራ የሚያባርር ምክንያት ሆኖ ተጽፏል። የፊልም ደንቡና የመንግሥት ትእዛዙ አንድ ቋንቋ ነበር የሚናገሩት። ከትእዛዙ በኋላ እንጀራውን ያጣ ሰው በሺህ ይቆጠራል። ከእነሱ ውስጥ ስንቱ ሲኒማ ቤት ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ካይሮ ሲመታ አይቶ፣ አጠገቡ ያለው ሲስቅ ሰምቶ፣ አብሮ ስቆ ይሆን? አብሮ መሳቁ ነው እኔን ሆዴን የሚበላኝ።

ጌይ ሰውን በሌላ መልክ ማሳየት ይቻል እንደነበር እንግሊዞች በ1961 አሳይተዋል። «ቪክቲም» በሚለው ፊልም ዲርክ ቦጋርድ የተከበረ ጠበቃ ሆኖ ይጫወታል። ትዳር ያለው፣ በሥራው የሚከበር፣ ከዘራ የሌለው፣ ሽቶ የማይሸት። ሰዎችን እያስፈራሩ ገንዘብ የሚቀበሉትን ለማጋለጥ ሲል ስሙንና ሥራውን መሥዋዕት ያደርጋል። የአሜሪካው ቢሮ ማኅተሙን ነፈገው። ካይሮ በ1941 ማኅተም አግኝቷል፣ ጠበቃው ከሃያ ዓመት በኋላ አላገኘም። ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ያ ግንኙነት ወንጀል መሆኑ የቀረው በ1967 ነው።

ሁሉም ጌይ ሰው ግን ስለነዚህ ሚናዎች እንደ እኔ አያስብም፤ ይህን ማለት አለብኝ። ቪቶ ሩሶ የሚባል ሰው በ1981 የሆሊውድን ታሪክ በዚህ ዓይን አንድ በአንድ የመረመረ መጽሐፍ አሳተመ። በ1990 በኤድስ ሞተ። መጽሐፉ በ1995 ዘጋቢ ፊልም ሆነ። እዚያ ላይ ተዋናዩ ሃርቪ ፊርስቲን ያንን ሴታሴት ሚና እወደው ነበር ይላል፤ ጭራሽ ከሚጠፋ በክፉም ቢሆን መታየቱን ይመርጣል። ጸሐፊው አርተር ሎረንትስ ደግሞ በፍጹም ይላል፤ ያማል፣ ያዋርዳል። እኔ በሎረንትስ በኩል ነኝ፣ ግን የፊርስቲን ንግግር ከባድ ነው። ብቻውን ያደገ ልጅ ስክሪን ላይ እሱን የሚመስል አንድ ሰው ብቻ ቢያይ፣ ያ ሰው ቢመታም ቢሳቅበትም፣ ይወደው ይሆናል። እኔ ያንን ርሃብ ስለማላውቀው ልፈርድበት አልችልም።

ስለ ሎሬም። ብዙ ጊዜ ካየሁት በኋላ ሳቄ ጠፋ፤ የቀረኝ እሱ ነው። ስክሪፕቱ የሰጠው ሽቶ፣ ከዘራና ጥፊ ነው። እሱ ግን ካይሮን ብልህ አድርጎታል። ተመትቶ ነቅቶ፣ ሽጉጡ ሲመለስለት፣ ዞሮ እንደገና ይደግናል፣ አሁንም ቢሮውን እፈትሻለሁ ይላል። ፈሪ ሰው ይህን አያደርግም። ሐውልቱ ውሸት ሆኖ ሲገኝ አለቃቸው ጋትማን ላይ ጮሆ የሚነሳ እሱ ነው፤ ከዚያ ያለቅሳል። ተመልካች በለቅሶው እንዲስቅ ነው የታሰበው። እኔ አሁን ሳየው፣ ተስፋው ሲቆረጥ ያልደበቀ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ሰሞን ፊልሙን እንደገና ከፍቼ ሳይ የእህቴ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ካርዱ ሲሸተት «ጋሼ፣ ምን ሸተተው?» አለኝ። የአበባ ሽቶ ነው አልኩት። «እና?» አለ። ምን ልበለው? ብነግረው ምልክቱን እኔው ላስተምረው ነው፤ እኔ ሳላውቀው እንደተማርኩት። ዝም አልኩ። እሱም ረስቶት ማየቱን ቀጠለ። ካይሮ ገባ፣ አልሳቀም። ሸሚዙን ሲያይ አልሳቀም። ጥፊው ሲመጣ ግን ዞሮ አየኝ፣ ፊቱ ተቆጥቷል።

«እሷ አይደለችም እንዴ ቀድማ የመታችው?»